የዘሩባቤል ወላጅ አባት

ቅናት በሚስት ብቻ የሚመጣ የሚመስለው ሰው ሞልቷል። እኔ ሚስቴን አንድም ቀን ጠርጥሬያት አላውቅም። የቀናሁት በልጄ ነው፤ የቀናሁበትም ሰው ባዕድ አይደለም፣ የእናቴ ልጅ፣ ታላቅ ወንድሜ ነው። ከሌላ ሰው ጋር ብጣላ ሽማግሌ አለ፣ ካሳ አለ፣ እርቅ አለ። በዚህ ግን ማን ይሸመግለኛል? «ወንድሜ ልጄን አብዝቶ ወደደብኝ» ተብሎ ይከሰሳል እንዴ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ደርግ ወድቆ አገሩ ገና መለስ ሲል፣ እኔ ቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም በላይ ባለው ደጋ ገብስና ድንች እያረስሁ ሚስትና ልጆች ይዤ እኖር ነበር። ወንድሜ ቀደም ብሎ ፍኖተ ሰላም ወርዶ ልብስ ሰፊ ሆኗል። ከዋናው መንገድ ዳር በረንዳ ተከራይቶ፣ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ፣ የተማሪ ልብስ ይሰፋል። ሚስቱ የቡሬ ሴት ነች፤ ደግ ነች፣ እጇ አይታጠፍም። ልጅ ግን አልሰጣቸውም። ያልጠጡት ጠበል፣ ያልተሳሉት ታቦት የለም። አንድ ፋሲካ ሊጠይቀን መጥቶ ሁለተኛዋን ልጄን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሲያጫውታት ዋለና፣ ሊሄድ ሲነሳ፣ ይህች ልጅ እዚህ ከብት ስትከተል ከምትቀር እኔ ጋ ትሁንና ትማር አለኝ።

እኛ ዘንድ ትምህርት ቤቱ ከአራተኛ ክፍል አያልፍም ነበር። ወንድም ለወንድሙ ልጅ ቢሰጥ ደግሞ ምን ነውር አለው? የአገሩ ልማድ ነው። እሺ አልሁ። ሚስቴ የልጅቱን ቀሚስ አጠበች፣ ጸጉሯን ሠራቻት፣ እስከ ወንዙ ድረስ ሸኘቻትና ተመለሰች። እኔ ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደብተር ይዛ ትታየኝ ነበር።

ብዙ ሳይቆይ ፍኖተ ሰላም ገበያ ወርዶ የነበረ ጎረቤቴ ተመልሶ መጣና፣ ልጅህን አየኋት፣ ጓደኞቿ ሲጠሯት ግን በወንድምህ ስም ነው አለኝ። ስሟን እኔ ያወጣሁትን ትተውላታል፤ ቀጥሎ ያለው ስም ግን የእሱ ሆኗል። የተሳሳተ መሰለኝ። በሳምንቱ አንድ ጆንያ ድንች አሸክሜ፣ እኔም ተከትዬ ወረድሁ። ወንድሜን ስጠይቀው ከመኪናው ቀና እንኳ አላለም። መምህሩ የአባቷን ስም ቢጠይቀው የራሱን እንደሰጠ፣ ወላጅ አምጪ ያሏት እንደሆነ እኔ ከቋሪት እስክወርድ ማን ሊቀርብላት እንደሆነ፣ ይህችም ነገር ሆና እንዳልቀየምበት አስረዳኝ። እውነቱን እኮ ነው። እውነት ይዞ የሚበድል ሰው እንዴት ያናድዳል! ሳቅሁለት፣ ጠላውን ጠጣሁለት፣ ባዶ ጆንያዬን ጠቅልዬ ወደ ደጋው ተመለስሁ።

በልጅነቴ ጥቂት የቄስ ትምህርት ቀምሻለሁ፤ ዳዊት ደግሜ ቅኔ ቤት ደጃፍ ላይ ነው የተመለስሁ። ስለዚህ ነገር ሲበዛብኝ የምሄደው ወደ ደብራችን መሪጌታ ነው። ያን ሰሞን ደጋግሜ ብሄድባቸው ነገሩን አወጣጡኝና፣ የዳዊት ቤት ነገሥታት ትውልድ የተቆጠረበትን ምዕራፍ ገልጠው አነበቡልኝ። ባቢሎን የተማረከው ንጉሥ ኢኮንያን ብዙ ልጆች ነበሩት። ታላቁ ሰላትያል ይባላል፤ ከታናናሾቹ አንዱ ፈዳያ። እዚያ ላይ ዘሩባቤል የፈዳያ ልጅ ነው ተብሏል። ዘሩባቤል ማለት ከምርኮ የተመለሰውን ሕዝብ መርቶ የፈረሰውን ቤተ መቅደስ ያሠራው ነው፤ ትልቅ ሰው ነው። ከዚያ ገጽ ወዲያ ግን በነቢያቱም ሆነ በወንጌሉ የትውልድ ቆጠራ በተጠራ ቁጥር የሰላትያል ልጅ ነው የሚባል። ፈዳያን የሚያነሳው የለም።

ምነው? ብላቸው፣ ሰላትያል ልጅ ሳይተካ ሞቶ ወንድሙ በሕጉ መሠረት ዘር አቁሞለት ይሆናል፣ እንዲያ ከሆነ ልጁ በሟቹ ስም ይጠራል አሉኝ።

«የእኔ ወንድም ግን አልሞተም» አልኋቸው። «ደህና አድርጎ መኪናውን እየረገጠ ነው።»

«ታዲያ እንዲሞትልህ ልጸልይልህ?» አሉና ሳቁብኝ። እኔም ሳልወድ ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ፈዳያ ዘመዴ ሆነ። ምን እንደሠራ አይታወቅ፣ የት እንደተቀበረ አይታወቅ፤ አንድ ልጅ ወልዶ ለወንድሙ ስም ያስረከበ ሰው። የትውልድ ቆጠራው ወንጌል በተነበበ ቁጥር ሰላትያል የሚለው ጋ ሲደርሱ ከቆምሁበት ሆኜ ፈዳያ እላለሁ፣ በሆዴ። ሚስቴ ይህን ስነግራት፣ አንተስ ፈዳያን አገኘህ፣ የዘሩባቤል እናት ማን ትባላለች? አለችኝ። መሪጌታንም አልጠየቅሁ፣ እኔም አላውቅም።

ልጅቱ ለበዓል ስትመጣ ከተሜ እየሆነች ትመጣለች። እሱን አባዬ ትለዋለች፣ እኔን ጋሼ። ጋሼ! ጋሼ ማለት ጋሻዬ ማለት ነው ይላሉ፤ ጋሻ ደግሞ ዘመቻ ከሌለ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ ይጠጣል። እሱን አንተ ትለዋለች፣ እላዩ ላይ ትንጠለጠላለች፣ ኪሱን ትበረብራለች። እኔን እርስዎ ትለኛለች፣ ጉልበቴን ስማ ትቆማለች። ሰው ሁሉ ምን የመሰለች ጨዋ ልጅ አለህ ይለኛል። ጨዋነቷ ነው የገደለኝ።

አንድ ጊዜ ለዘመን መለወጫ ቀሚስ ልገዛላት ጅጋ ገበያ ዋልሁ። ቀይ፣ ደረቱ ላይ አበባ ያለበት፣ እኔ አይቼ የማላውቀው ዓይነት ቀሚስ መርጬ ይዤላት ወረድሁ። ለበሰችው፤ እጀታው ክርኗ ላይ ቀረ፣ ወገቡ አልዘጋ አለ። እኔ የማስበው ከቤቴ ስትወጣ የነበረችውን ልጅ ነዋ። ወንድሜ ተቀበላትና ስፌቱን ፈታታው፣ ከጨርቅ ቁራጩ መካከል ቀዩን ለቅሞ ጎንና ጎኑን ጨመረበት። ሜትሩን አላነሳም፤ እሷንም ቁሚልኝ አላላትም። ስትለብሰው ልክክ አለ። ልኳን እሱ ያውቃል። እኔ ደግሞ ያን ቀን ልኬን አወቅሁ። አባዬ ሠራልኝ እያለች ለጎረቤት ስታሳይ ዋለች፤ ከጅጋ ያመጣሁት እኔ መሆኔን ያነሳ የለም።

ከሁሉ የባሰው ግን የሽልማቱ ቀን ነው። ስምንተኛ ክፍልን በደህና ውጤት ጨርሳ ትሸለማለች ተባለና እኔም ተጠራሁ። ነጭ ጋቢዬን አጥበውልኝ፣ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ከወንድሜ ጎን ተቀመጥሁ። ስሟን ከእሱ ስም ጋር ጠሩት። ጥርሴን ነክሼ ቻልሁት። ቀጥሎ ርእሰ መምህሩ የተማሪዋ አባት ወደ መድረክ ይቅረቡልን ሲል እግሬ እኔን ሳይጠይቅ ብድግ አለ። ወንድሜ ለካ ቀድሞኝ ሄዷል። ከኋላዬ ያለ ሰው አልታየኝም፣ ተቀመጡ እንጂ አለኝ። ጋቢዬን የማስተካክል መስዬ አራገፍሁና ተቀመጥሁ። እዚያ መድረክ ላይ ርእሰ መምህሩ የወንድሜን እጅ ሲጨብጥ፣ ሰው ሲያጨበጭብ፣ እኔም አጨበጨብሁ፤ መዳፌ እስኪቀላ።

እንዲህ እያልን ዓመታቱ ሄዱ። መሬት ሲደለደልም ቤተሰብ የሚቆጥሩት ሰዎች፣ እሷማ የከተማ ነች፣ የወንድምህ ነች ብለው አለፏት። ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ። እሷ ግን ተማረች፣ መምህርት ሆነች፣ ቡሬ ተመደበች። እዚያ ከአንድ የጤና ባለሙያ ጋር ተዋደዱና፣ የልጁ ቤተሰቦች ሽማግሌ ሊልኩ ነው ተባለ። ሽማግሌዎቹ የሄዱት የት ነው? ፍኖተ ሰላም፣ ወንድሜ ቤት። ለእኔ የደረሰኝ፣ ለአንድ ጉዳይ ትፈለጋለህና እሑድ ከነባለቤትህ ድረስ የሚል፣ የማንኩሳ ነጋዴ ያመጣው ቃል ነው።

ደረስን። ሚስቴ ወደ ጓዳ ገባች፣ ከወንድሜ ሚስት ጋር ሽንኩርት መክተፍ ያዘች። እኔን ከወንድሜ ቀጥሎ አስቀመጡኝ። ሽማግሌዎቹ የልጁ አያት የሆኑ አንድ ሸምገል ያሉ የቡሬ ገጠር ሰው፣ አንድ ቄስና አንድ ሌላ ጎልማሳ ናቸው። ቆመው፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለው ሲለምኑ የሚያዩት ወንድሜን ነው። እሱም እንደ ወጉ አስቀመጣቸውና፣ መልካም፣ እንግዲህ ዘር ይቆጠር አለ። ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጅ አይሰጥም፤ ሁለቱ በአባትም በእናትም እስከ ሰባት ድረስ የሚገናኙበት ሰው ካለ ዘመድ ናቸው፣ አይጋቡም።

ሽማግሌው የልጃቸውን ወገን አንድ በአንድ ቆጠሩ። ተራው የወንድሜ ሆነ። እሷ የእኔ፣ እኔ የአባቴ፣ አባቴ የእገሌ እያለ ቀጠለ። ከአያቷ ጀምሮ ያለው ሁሉ የእኔም ነው፤ አባታችን አንድ፣ አያታችን አንድ። ከዚያ ሁሉ ስም የጎደለው የእኔ ብቻ ነው። እሱ ክፋት አስቦ አይመስለኝም፤ ዕድሜዋን ሙሉ ልጄ ሲላት ኖሮ አፉ ሌላ አያውቅም። እኔም እንደለመድሁት ጥርሴን ነከስሁ። በእናቷ በኩል ደግሞ ብሎ የገዛ ሚስቱን ወገን ሊጀምር ሲል ግን ደሜ ፈላ። ለሚስቴ ተቆርቁሬ ነው ብል ያምርልኝ ነበር፤ ግን ለራሴ ነው።

«ወንድሜ» አልሁት፣ «አንድ ሰው ዘለልህ።»

ሽማግሌው ከሩቅ አያቶች አንዱ የተረሳ መስሏቸው የት ላይ እንደሆነ ጠየቁኝ። መጀመሪያው ላይ አልኋቸው። ልጅቱን የወለድሁ እኔ እንደሆንሁ፣ የወለደቻትም ሴት ጓዳ ያለችው የእኔ ባለቤት እንደሆነች ነገርኋቸው። ወንድሜ መሬት መሬት እያየ ቀረ። ቄሱ፣ ይህ ካልተነገረማ ቆጠራው ቆጠራ አይደለም፣ የእናትዮዋን ወገን እንስማ አሉ።

እኔም ቆጠርሁ። ሚስቴን ሳገባ አባቴ ያስጠናኝ ነውና አንድም አልሳትሁ። እግዜር ይይልኝ፣ እንዴት ደስ ብሎኝ እንደቆጠርሁ! ያን ሁሉ ዘመን ያልተጠራሁትን በአንድ ቀን ልጠራ። ድምፄ ከፍ ከፍ አለ። ሰባተኛው ላይ ስደርስ ሽማግሌው የያዙትን ጠላ ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«እሱ ሰው» አሉ፣ «የእኛም ሰባተኛ ነው።»

ቄሱ ሊያበርዱት ሞከሩ። ሰባት ሞልቷልና ይጋባሉ የሚሉ አሉ፣ እኔም ባርካቸዋለሁ አሉ። ሽማግሌው ግን፣ አይሆንም፣ ስምንት ካልሆነ አይደረግም የሚሉም አሉ፣ በአጥንት ጥርጥር ይዤ ሙሽራ ቤቴ አላስገባም አሉ። ወንድሜ ዞሮ አየኝ። ደስ አለህ? ሲል በዓይኑ ነው፤ በአፉ አልተናገረም። ደስታዬ ውኃ ሆነ።

ሽማግሌው ለመሄድ ተነሱና፣ በራፉ ላይ ቆም ብለው አገጫቸውን በበትራቸው ላይ አሳረፉ። የቡሬ ሰው ነገር ያውቃል። «እኔ አርጅቻለሁ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ጆሮዬ የሰማችው ይሁን፣ ያልሰማችው ይሁን አላውቅም። ያችን አንዲት ቃል የተናገረው ሰው ቢመልሳት፣ እኔ የሰማሁት የፊተኛውን ቆጠራ ነው እላለሁ።» ከዚያ ንፋስ እንቀበል ብለው ከቄሱ ጋር ወደ ደጅ ወጡ።

ገባኝ። ይህ ማለት፣ አባቷ አይደለሁም በል ነው። እኔም በጓሮ በር ወጣሁ። ባሕር ዛፉ ሥር ቆሜ ሳለ ልጅቱ ከጓዳ መጣች። ሁሉን ሰምታለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። በዚያን ሰዓት እንኳ ቅናቴ አልተወኝም፤ ለእሱ ልትማልድ ነው፣ አባዬን አዋረድህብኝ ልትለኝ ነው ብዬ ፊቴን አዞርሁ።

«ጋሼ፣ ይመልሱልኝ» አለችኝ።

የማን ልጅ ነሽ? አልኋት፣ ንዴት በያዘው ድምፅ።

«የእርስዎ ነኝ። አባቴ መሆንዎንማ መቼ አጣሁት? ለዚህ እኮ ነው የምለምንዎ። ሌላ ሰው ቢሆን በምን አፌ እለምነው ነበር?»

አባቴ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው፤ ጎኔ ቆማ፣ ማንም በሌለበት። በእጄ ጀርባ ጉንጯን ነካ አደረግሁና ወደ ቤት ገባሁ።

ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ተቀመጡ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ እኔ አፋፍ የወጣውን ቃል ጎትቼ ያወረድሁ ሰው ነኝ። ብድግ አልሁና ይቅርታ ጠየቅሁ።

«ተሳስቻለሁ» አልሁ። «የተዘለለ ሰው የለም። ወንድሜ በትክክል ቆጥሯል።»

ሁሉም እውነቱን ያውቃል። ቄሱ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ ሽማግሌው ጺማቸውን ያሻሉ። እኔ የማየው ግን ወንድሜን ነው። አሁን ይነሳል፣ አሁን፣ የለም፣ ልጅቱስ የእሱ ነች፣ የእኔ ማሳደግ ብቻ ነው ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ያን ቢል ኖሮ ጋብቻው በፈረሰ ነበር፤ አውቃለሁ። ቢሆንም ጠበቅሁ። ጉሮሮውን ጠረገና፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ የሚስቱን ወገን ከመጀመሪያ ጀምሮ መቁጠር ያዘ። ከጓዳ በኩል የከታፊዎቹ ቢላዋ ሲቆም ሰማሁ፤ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ጀመረ።

ሠርጉ ጥር ላይ ሆነ። ዳሱ የተጣለው በወንድሜ ግቢና በጎረቤቱ ግቢ ነው። ሙሽሪት ስትወጣ ክንዷን የያዘው እሱ ነው፤ የሙሽራ ልብሷን ራሱ ሰፍቶላታል፣ አይወራም፣ ያምራል። ሚስቴ ከወጥ ሠሪዎቹ ጋር ከጭስ ቤት አልወጣችም፤ የወጣችው እልል ለማለት ብቻ ነው። እኔ እንግዳ አስቀማጭ ነበርሁ። ቁጭ በሉ፣ ወደዚህ ጠጋ በሉ፣ ጠላ ለእኚህ እያልሁ ስዞር ዋልሁና፣ ሲደክመኝ ከአንድ ከጅጋ ከመጡ እንግዳ አጠገብ አረፍ አልሁ። ሰውዬው ጨዋታ ወዳድ ናቸው። ወንድሜ ሙሽሪትን ጉልበቱን ሲያስማትና ሲመርቃት አብረን እናያለን።

«እርስዎስ የሙሽሪት ምን ነዎት?» አሉኝ።

«አጎቷ ነኝ» አልኋቸው።

ወደ ወንድሜ በአገጫቸው አመለከቱና ራሳቸውን ነቀነቁ። «የታደሉ ሰው ናቸው ወንድምዎ። እንዲህ ያለች ልጅ ወለዱ።»

«አዎ» አልኋቸው፤ «ወለደ።»